የዘይቤ ስሞችን በቃሌ ይዣለሁ፤ ሰው አፍ ላይ ሳገኛቸው ግን አላውቃቸውም

ደብተሬ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ነው የምውለው። ሐሙስ ሐሙስ ግን ከሥራ በኋላ ስድስት ሆነን ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ተሰብስበን መጽሐፍ እንወያያለን። እኔም አጫጭር ልብ ወለድ መሞከር ጀምሬያለሁ። ውይይቱ ሲሞቅ አንዱ «መቼቱ ደካማ ነው» ይላል። ሌላዋ «ይሄ ተለዋጭ ነው ወይስ ሰውኛ?» ትላለች። እኔ ሻዬን እያማሰልኩ ዝም እላለሁ።

ሳልማረው ቀርቼ አይደለም። ሃይስኩል መምህራችን ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ፈተና ላይ የ«ሀ»ን ረድፍ ከ«ለ» ረድፍ እናዛምዳለን። ጥሩ ውጤት ነበረኝ። አሁንም ብትጠይቁኝ «ሰውኛ ማለት ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ባሕርይ መስጠት ነው» ብዬ ሳልተነፍስ እወርደዋለሁ። ግጥም ሰጥታችሁኝ «የቱ ጋ ነው ያለው?» ብትሉኝ ግን እጠፋለሁ።

በተለይ እንቶኔ ከሰውኛ፣ ምጸት ከስላቅ፣ ኅብረ ቃል ከሰምና ወርቅ ሁሌ ይምታቱብኛል። እናንተ እንዴት ነው የገባችሁ? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

መምህር ከደሴ፦

እህቴ ደብተሬ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የክፍሌ ልጆች ናቸው የታዩኝ። አማርኛ ሳስተምር 19 ዓመቴ ነው። እኔም መጀመሪያ ላይ ትርጉም ነበር የማስገለብጠው። ትቼዋለሁ።

መጀመሪያ ስሙን ራሱን ፈልቅቂው። ብዙዎቹ እንደ ባቄላ እሸት ናቸው፤ ከፈለቀቅሻቸው ፍሬው ውስጥ ተቀምጧል። መቼት «መቼ» እና «የት» ተጋጥመው የወለዱት ቃል ነው። ጓደኛሽ «መቼቱ ደካማ ነው» ሲል ታሪኩ መቼና የት እንደሚካሄድ አልታየኝም ማለቱ ነው። አያዎ «አይ» እና «አዎ» ነው፤ አንዱ አፍ የካደውን ያው አፍ ሲያምን። ሰውኛ የተሠራው እንደ አማርኛ፣ እንደ ትግርኛ ነው፤ ግዑዙ በሰው ወግ ይሄዳል፣ ይናገራል። ምልሰት መመለስ አለበት፤ ታሪኩ ወደ ኋላ ይመለሳል። ንግር መንገር አለበት፤ የሚመጣውን አስቀድሞ ጫፉን ያስነካሻል። ልብ ሰቀላንማ ማን ያጣዋል? «ልቤን ሰቀልሽው እኮ፣ ተናገሪ በቃ!» እየተባባልን ነው ያደግነው።

«ሥነ» የምትለዋም እንዲሁ ናት። በግዕዝ ሥን ውበት ማለት ነው። ሥነ ጽሑፍ ስትዪ የጽሑፍ ውበት እያልሽ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ሁሌም ከኋላ ወንበር አንድ ሁለቱ ቀና ይላሉ። ልብ ወለድ ደግሞ ልብ የወለደው ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት፣ ዛሬ ጦቢያ የምንለው መጽሐፍ ሲወጣ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር።

ሌላው፣ ምልክት አትፈልጊ። ልጆች አነጻጻሪ ዘይቤን የሚያድኑት «እንደ» የምትለዋን ቃል ተከትለው ነው። እሷ ደግሞ ታሳስታለች። «እንደመጣ ተኛ» ውስጥ አለች፤ ዘይቤ ግን የለም። «እንደሰማሁት ከሆነ» ውስጥም የለም። «ልጁ እንደ አባቱ ረጅም ነው» ብትዪስ? ማወዳደርማ ነው፤ ግን ሰውን ከሰው፣ ቁመትን ከቁመት ነው ያወዳደርሽው። «ልጁ እንደ ባሕር ዛፍ ተመዘዘ» ስትዪ ከማይዛመደው ነገር መልክ ተበደርሽ። ዘይቤ የሚጀምረው እዚያ ብድር ላይ ነው። «እንደ»ን ጥለሽ «ይሄ ልጅ ባሕር ዛፍ ነው» ካልሽ ደግሞ ተለዋጭ ሆነልሽ።

አንዳንዱ መጽሐፍ አነጻጻሪ፣ አንዳንዱ ተነጻጻሪ ይላል። አንድ ነው፤ እሱ አያስጨንቅሽ።

ናርዶስ ጎንደር፦

የእንቶኔውን እኔ ልንገርሽ። እኔም እንዳንቺ በቃሌ ይዤው ነበር። የገባኝ ግን አያቴ ያረፉ ቀን ነው።

ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶታል። አንዲት ጎረቤታችን፣ እትዬ የምንላቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከድንኳኑ ወጡና የአያቴ ቤት በር ፊት ቆሙ። ሰው ሁሉ ወደ አስከሬኑ ሲያለቅስ እሳቸው በሩን ያናግሩት ጀመር። «አንተ በር! ሰባት ልጅ ስታስገባብህ ስታስወጣብህ ኖራ፣ ዛሬ ዝም ብለህ ሸኘሃት?» ከዚያ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አዩና ምድጃዋን ጠሯት። «አንቺስ ምድጃ፣ ነገ ማን ይለኩስሻል?» ይሄኔ ግቢው በሙሉ ተነቃነቀ። እስከዚያ ድረስ እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ምድጃዋ ስትጠራ ግን አልቻልኩም።

ከሰልስት በኋላ ነው «እንዴ፣ ይሄ እኮ እንቶኔ ነው» ያልኩት። የሌለን፣ የሞተን ወይም ግዑዝን ነገር እንደሚሰማ ሰው ማናገር ይላል የድሮ ደብተሬ። ቃሉም ከቤት ነው የመጣው፤ «እገሌ፣ እንቶኔ» ብለን ሰው የምንጠራበት ነው። እንግዲህ እንቶኔ ውስጥ መጥራት አለ። እትዬ «በሩ አለቀሰላት» ብለው ቢሆን ሰውኛ ብቻ ይሆን ነበር፤ በሩ ያለቅሳል፣ እኛ እናየዋለን። «አንተ በር» ሲሉት ግን ፊቱን ወደ እሳቸው አዞሩት።

ደግሞ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። «ዝም ብለህ ሸኘሃት?» ላይ በሩ ይጠራል፣ በዚያው ላይ እንደ ሰው ሸኝቷል። ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አሉ። ፈተና አንዱን ብቻ ምረጡ ስለሚለን ነው ሁሌ የተፋቱ የሚመስሉን።

ደብተሬ፦

ናርዶስዬ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ይሄን አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ የምድጃዋ ነገር አስለቀሰኝ። ከእንግዲህ እንቶኔን የምረሳው አይመስለኝም።

መምህር፣ «መቼት» መቼና የት መሆኑን ዛሬ ገና ሰማሁ። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ የግዕዝ ቃል ይመስለኝ ነበር።

ሚሚ ሜሪላንድ፦

እኔም እዚህ አገር ሆኜ ያው ችግር አለብኝ። ልጄ 10 ዓመቷ ነው። ሲሚሊና ሜታፈር የሚባሉትን፣ አነጻጻሪና ተለዋጭ የምንላቸውን፣ ትምህርት ቤት ጨርሳቸዋለች። አማርኛ ላይ ስንመጣ ግን ዘይቤ ያለ አይመስላትም ነበር። አንድ ቀን ስልክ ላይ እህቴን «ሆዴ ባባ» ስላት ሰማችና «ሆድሽ እንዴት ይባባል?» አለችኝ። ቁጭ ብለን በሆድ የምንለውን ሁሉ ቆጠርን። ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ሆድ ሲያውቅ፣ የሆዴን ልንገርህ። አንድ ገጽ ሞላ። አሁን ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ በደወልኩ ቁጥር ጆሮዋን ጥላ አዲስ ትጨምርበታለች።

መምህር፣ እነዚህን ተለዋጭ ነው የምላት?

መምህር ከደሴ፦

ሲወለዱ ተለዋጭ ነበሩ። ሕዝቡ ሲደጋግማቸው ደርቀው ፈሊጥ ሆኑ። «ሆደ ሰፊ» ሲባል ማንም ሰው ሆድ በዓይኑ አይመጣበትም፤ ቀጥታ ትዕግሥት ነው የሚሰማው። ስለዚህ ፈሊጣዊ አነጋገር በያት። ልጅሽ «እንዴት ይባባል?» ስትል ግን የደረቀውን ውሃ አጠጣችው። ጎበዝ ልጅ ናት፤ አደራ እንዳትተዋት።

ብሩክ ካዛንቺስ፦

ምጸትና ስላቅን እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ምጸት የተባለውና የሆነው ሲጋጩ ነው። ልጁ ብርጭቆ ሲሰብር እናትየው «ጎበዝ! የቀሩትንስ?» ትላለች። ማንም ሳይናገርም ሊኖር ይችላል። ሰዓት ጠጋኙ ሁሌ የሚያረፍድ ከሆነ ነገሩ ራሱ ምጸት ነው። ስላቅ ግን የሚወጋው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ከሌለ ስላቅ የለም።

ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። የትምህርት ቤቱ ዝርዝር በአብዛኛው ከፈረንጅ መጽሐፍ ቅርጽ ጋር እየተላከከ የተሰየመ ነው። እኛ ጋ ያለው ነገር ታዲያ የት ገባ? አሽሙርን ማን አስተምሮን ያውቃል? አክስቴ ቤት ያደግን ሁሉ እናውቀዋለን። ምራታቸው ትንሽ ካረፈደች አክስቴ ሳሎን ቁጭ ብለው ድመቷን ያናግሯታል። «አንቺ ድመት፣ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ እስከ መቼ ትተኛለሽ?» ድመቷ ከነቃች ቆይታለች። መኝታ ቤት ያለችው ግን ብድግ ትላለች። ይሄ በየትኛው ረድፍ ይገባል?

መምህር ከደሴ፦

ብሩክ፣ ይሄን ምሳሌ ነገ ክፍል ይዤው እገባለሁ። በቅርጹ የናርዶስ እንቶኔ ነው፤ ድመት ተጠርታለች። በዓላማው ግን አሽሙር ነው፤ የሚሰማው ሌላ ነው። አንዱን እየጠሩ ሌላውን መምታት። አንተ እንዳልከው የራሱ ረድፍ ይገባዋል። ስላቅ ፊት ለፊት ይመጣል፤ አሽሙር ግን በጓሮ በር ነው የሚገባው። ተመቺው «እኔን ነው?» ብትል «ድመቷን ነው እኮ» ይሏታል። ያንን መሸሸጊያ የሚገልጽ ስም ከሌላ ቋንቋ ልዋስ ብል የማገኘው አይመስለኝም። ስለዚህ ተማሪዎቼ ደብተር ላይ አሽሙር ከነስሙ ይገባል።

የአንጥረኛ ልጅ፦

ስለ ሰምና ወርቅ የተጠየቀውን ማንም ስላልመለሰ ልግባ። እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው አይደለሁም። አባቴ ግን ወርቅ ሠሪ ነበር።

ቀለበት ሲያዙት መጀመሪያ በሰም ነው የሚሠራው። ሰሙን በጣቱ እያሞቀ፣ በቀጭን ብረት እየጫረ፣ አበባም ከሆነ አበባውን፣ መስቀልም ከሆነ መስቀሉን በሰሙ ላይ ይጨርሰዋል። ከዚያ በደንብ በተቦካ ጭቃ ይለብጠዋል። ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ይተዋል። ጭቃው ደርቆ እሳት ሲገባ ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳዋ ይወርዳል። በባዶው ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይፈስሳል። ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል። ልጅ ሆኜ የምጠብቀው ያንን ሰዓት ነበር።

ሰሙ ውሸት እንዳይመስላችሁ። የወርቁ መልክ በሙሉ ከሰሙ የመጣ ነው። አባቴ ሰሙ ላይ አንዲት ጭረት ከሳተ ወርቁም ላይ ያቺ ጭረት ትወጣለች። ግጥም ላይ ሰዎች «ሰሙን ተወውና ወርቁን ንገረኝ» ሲሉ እሰማለሁ። በእኛ ቤት እንደዚያ የሚል ሰው አልነበረም።

ደብተሬ፦

ይሄን ስምንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ኅብረ ቃልስ? ሰምና ወርቅ ካለ ኅብረ ቃል የግድ አለ ማለት ነው?

የቀድሞ ቅኔ ተማሪ፦

እህት ደብተሬ፣ የግድ አይደለም። የተምታታብሽ በአንቺ ጥፋት አይደለም፤ ሁለት ቤቶች ቃሉን በሁለት መንገድ ስለሚጠቀሙበት ነው።

በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ስንል ብዙ ጊዜ ሁለቱም ስማቸው ተጠርቶ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በአማርኛ ላሳይሽ፦ «የሞት ገበሬ ሕይወቴን ስንዴ አጨዳት» ብል ገበሬ ሰም፣ ሞት ወርቅ ነው። ስንዴ ሰም፣ ሕይወት ወርቅ። ሁለት ፍቺ ያለው ቃል የለበትም። መምህሩ ከላይ ተለዋጭ ካሉት ጋር ዘመድ ነው። አንዱ ቃል ብቻውን ሁለት ፍቺ ሲሸከም ደግሞ ኅብር እንለዋለን። በአማርኛ ግጥም ግን ልማዱ ሌላ ነው። ሁለት ፍቺ ያለውን ቃል ኅብረ ቃል ይሉታል፤ ላይ ላዩን የሚሰማውን መልእክት ሰም፣ ውስጡን ወርቅ። ስለዚህ «ሰምና ወርቅ» ሲሉሽ መጀመሪያ የቱ ቤት እንደሆንሽ እወቂ።

እኛ እንዴት እንደተማርነው ልንገርሽ። ትርጉም የጻፈልን ሰው የለም። የኔታ የራሳቸውን ቅኔ ይሰጡና ይፈቱልናል። ከዚያ እያንዳንዳችን ጥግ እንይዛለን፤ አንዱ ዛፍ ሥር፣ አንዱ ቅጥር ጥግ፣ ፊታችንን ሸፍነን እንቆጥራለን፤ የራሳችንን ቅኔ በልባችን እናበጃለን ማለት ነው። ቅኔ ቆጠራ የሚባለው ያ ነው። መጀመሪያ ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት፣ ሁለት ቤት ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ። እሱ ሲቀና ወደ ዘአምላኪየና ሚ በዝኁ፣ ሦስት ሦስት ቤት። ከዚያ ዋዜማ በ5፣ ሥላሴ በ6፣ እያለ እስከ መወድስ በ8 ይወጣል። ማታ ይዘን እንቀርባለን፤ የኔታ ሰምተው ያርማሉ። «ይቺ ሰም ወርቋን አትመጥንም» ሲሉኝ ነው ሰም ምን እንደሆነ ያወቅኩት። ስንት ጊዜ እንደታረምኩ አልቆጥረውም።

ስለዚህ ሁለት ስንኝ ቁጠሪና አምጪ። ጉባኤ ቃና በግዕዝ አላልኩሽም፤ በአማርኛ፣ በየወል ቤት። የስንኙ አንዱ ሐረግ 6 ቀለም፣ ሌላው 6፤ ቀለም የምንለው አንዴ አፍ ከፍተሽ የምታወጪውን ድምፅ ነው። አንድ ኅብረ ቃል ብቻ ይኑርበት።

ደብተሬ፦

እሺ የኔታ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ወንድ ሆኜ ነው የጻፍኩት።

ዓመቱን ጠብቄ ብመጣ ከደጅሽ፣
ገና ነው ትያለሽ፣ የታለ ድግስሽ?

ኅብረ ቃሉ «ገና» ነው። ሰሙ፦ በዓሉ የገና በዓል ነው ብለሽኛል፣ ታዲያ የበዓሉ ድግስ የታል? ወርቁ፦ ዓመት ጠብቄሽ ስመጣ ገና ነኝ፣ አልደረስኩም ትያለሽ፤ የሠርጋችን ድግስ መቼ ነው?

ሰባት ጊዜ ነው የሰረዝኩት። የመጀመሪያው 7 በ5 ነበር። በጣቴ እየቆጠርኩ ሳለ አለቃዬ «ምን እየደመርሽ ነው?» አለኝ።

የቀድሞ ቅኔ ተማሪ፦

የኔታ አይደለሁም፤ እዚያ አልደረስኩም። ግን ደስ ብሎኛል።

ቆጥሬዋለሁ። ዓ-መ-ቱን-ጠብ-ብ-ቄ፣ 6። ብ-መ-ጣ-ከ-ደጅ-ጅሽ፣ 6። ሁለተኛውም እንዲሁ ሞልቷል። ቤቱ በ«ሽ» ይመታል። ሰሙ ወርቁን ይመጥናል፤ ድግስ በዓልንም ሠርግንም ያነሣል። ያ ነው ከባዱ፤ ብዙ ጀማሪ ኅብረ ቃሉን ያገኝና የቀሩት ቃላት አንዱን ፍቺ ብቻ ያገለግሉበታል።

አሁን ጮክ ብለሽ አንብቢው። የበዓሉ ስም ገና «ና» ጠብቆ ነው። «ገና ነኝ» የሚለው ላልቶ ነው። በወረቀት ላይ ፊደሉ አንድ ስለሆነ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። አፍሽ ላይ ሲመጣ ግን አንዱን መምረጥ አለብሽ። አጥብቀሽ ካነበብሽ ሰሙ ይሰማል፣ ካላላሽ ወርቁ ይወጣል። ታዲያ ለሰው ስታነቢው እንዴት ታነቢዋለሽ?

ናርዶስ ጎንደር፦

እኔ ብሆን አጥብቄ አነበዋለሁ። ድግሱ ላይ ስደርስ ትንሽ ዝም እላለሁ። ሰሚው ራሱ ተመልሶ ያላላዋል።

መምህር ከደሴ፦

ናርዶስ ያለችው ልክ ይመስለኛል። አላልቶ ማንበብ ወርቁን በሳህን ማቅረብ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ወንድ ሆኜ ነው የጻፍኩት» ያልሽው ቀላል ነገር አይደለም። ደጅ የሚጠናው የግጥሙ ተናጋሪ ነው፤ አንቺ ገጣሚዋ ነሽ። ሁለቱ አንድ ሰው አይደሉም። ልብ ወለድሽ ላይም ተራኪውን ከራስሽ ለይተሽ እንዲህ ካቆምሽው፣ «አንጻር» የሚባለውን ነገር፣ ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚታይ፣ ይዘሽዋል። ሐሙስ ስትሄጂ ዝም እንዳትዪ።

የቀድሞ ቅኔ ተማሪ፦

ለነገ የቤት ሥራ። ያንኑ ሐሳብ በሰንጎ መገን አምጪው፤ 5 በ5። ከያንዳንዱ ሐረግ አንድ ቀለም ታስወጪለታለሽ። ኅብረ ቃሉ እንዳይነካ።

ደብተሬ፦

ነገ አላልኩም፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ጨረስኩት። እረሙኝ።

ዓመት ጠብቄ ብመጣ ደጅሽ፣
ገና ነው አልሽኝ፣ የት ነው ድግስሽ?